«ዓይን አልባ» ስለ ተባለው ጂን ስያሜ

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብዙ የሚያስተምር ታሪክ ካላቸው ስያሜዎች መካከል የፍራፍሬ ዝንብ ጂኖች ስሞች ይገኙበታል።

ቶማስ ሃንት ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1910 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቀይ ዓይን ካላቸው ዝንቦች መካከል ነጭ ዓይን ያለው አንድ ወንድ ዝንብ አገኙ። የለውጡ ምክንያት የሆነው ጂንም «ኋይት»፣ ማለት «ነጭ» ተባለ። ይሁን እንጂ ጂኑ ሳይጎድል ሲሠራ የሚያገለግለው ዓይኑ እንዲቀላ ነው። ስለዚህ ስሙ የሚናገረው የጂኑን ሥራ ሳይሆን ጂኑ ሲበላሽ የታየውን ጉድለት ነው። የዝንብ አጥኚዎችም ይህንኑ ልማድ አጸኑት። ኩራዝን በጠፋበት ሌሊት አይቶ «ጨለማ» ብሎ እንደ መሰየም ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1915 ሚልድሬድ ሆግ ዓይናቸው ያነሰ ወይም ጨርሶ የሌለ ዝንቦችን መርምረው ገለጹ፤ ጂኑም «አይለስ»፣ ይኸውም «ዓይን አልባ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ቫልተር ጌሪንግና ባልደረቦቻቸው ይህ ጂን በሰው ላይ አኒሪዲያን ከሚያስከትለው ጂን ጋር አንድ ምንጭ ያለው መሆኑን አስታወቁ። አኒሪዲያ በብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል ሳይሟላ ወይም ጨርሶ ሳይኖር የመወለድ ሕመም ነው። በተከታዩ ዓመት ጂኑ በዝንብ እግርና ክንፍ ላይ እንዲሠራ ቢደረግ በዚያው ስፍራ ዓይን በቀለ፤ ከአይጥ የተወሰደው አቻውም እንዲሁ አደረገ። እንግዲህ «ዓይን አልባ» የተባለው ዓይን አብቃይ ሆኖ ተገኘ!

ስሙን በቃል ፍቺው ብቻ የሚተረጉም ሰው ነገሩን ይገለብጠዋል። ከዚህም የባሰ አለ። «ሄጅሆግ» እና «ፖርኩፓይን» በሚባሉ እሾሃም እንስሳት የተሰየሙ ሁለት ልዩ ልዩ የዝንብ ጂኖች አሉ፤ ሁለቱንም በተለመደው ቃል «ጃርት» ብንል የሁለት ሕመሞች ምክንያት ይደባለቃል። ለ«ሄጅሆግ» በሰው ካሉት አቻዎች አንዱ ከቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ስም ተወስዶ «ሶኒክ ሄጅሆግ» ተብሏል፤ ይህ ጂን ሲበላሽ ግን የፅንሱ አንጎል በሁለት ሳይከፈል ሊቀር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1996 ታውቋል። ይህን ለወላጅ የሚያስረዳ ሐኪም የጨዋታ ስም ይጥራን?

በበኩሌ የጂኑ ስም እንደ ተጸውዖ ስም ሳይተረጎም በፊደላችን ቢጻፍ፣ ፍቺውም ሥራውንና ጉድለቱን ለይቶ ቢገልጽ እመርጣለሁ። የሕመሙ ስም ግን ከታማሚው እንጂ ከዝንቡ ሊነሣ አይገባም። አኒሪዲያ ያለበትን ልጅ «ዓይን አልባ» የሚል መዝገብ ሐሰት ይጽፋል፤ ልጁ ዓይን አለውና።