ከማስታጠቢያ እስከ ሳኒታይዘር

ስለ እጅ ንጽሕና ታሪክ የማውቀውን በአጭሩ አቀርባለሁ። እ.ኤ.አ. ካላልሁ በስተቀር ዘመኑ የእኛው አቆጣጠር ነው።

በአገራችን እጅ መታጠብ በኮሮና አልተጀመረም። ገበታ ሲቀርብ ከቤቱ ልጆች አንዱ ማስታጠቢያውን ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከታላቅ ጀምሮ ያስታጥባል። ነገር ግን ይህ ለክብርና ለወግ ነበር እንጂ ጀርም ለሚባለው ነገር ታስቦ አልነበረም። ሳሙና ብርቅ ስለ ነበረ ውኃ አፈሰስ አድርጎ ማለፍ ነው። ለቅሶ ቤትማ ሰው ሲበዛ ጣትን ማራስ ብቻ!

የሠለጠነውም ዓለም ቢሆን ዘግይቶ ነው የነቃ። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ከተማ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም፣ በሐኪሞች ክፍል የሚወልዱ እናቶች በአዋላጆች ክፍል ከሚወልዱት ይልቅ ለምን እንደሚሞቱ መረመረ። ለካስ ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ምጥ የያዛትን ሴት ይነኩ ኖሯል። እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ቢያዝ፣ ከመቶ ከ10 በላይ የነበረው ሞት ወደ 2 ግድም ወረደ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። እኛ ሬሳ አጥበን ገንዘን የምንቀብር ሰዎች ይህን ታሪክ ልብ ማለት አለብን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠል የቀረልን ከዚያ ነው ይባላል። በእኛ በኩል ደግሞ በ1945 እና 46 ግድም በደምቢያ ወባ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1947 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ከዚያ ሠልጥነው በየአገሩ ተበተኑ። ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሳሙና ማስተማር የእነሱ ሥራ ሆነ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ። መጋቢት 30 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ለእድር ይህ ምን ማለት እንደ ነበር ለአባል አይነገርም። ሳኒታይዘር የሚለው ቃል በየሰው አፍ የገባው ያን ጊዜ ነው። ዕቃው ከገበያ ሲጠፋ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ማምረት ጀመሩ፤ የደምቢያ ወባ የወለደው ያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ነው።

አሠራሩን የዓለም ጤና ድርጅት አውጥቶታል። ለ10 ሊትር 96 ከመቶ የሆነ ኢታኖል 8333 ሚሊ ሊትር፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 3 ከመቶ የሆነው 417፣ ግሊሰሪን 145፣ የቀረው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ነው። ግሊሰሪኑ እጅ እንዳይሰነጣጠቅ ነው። ውኃውም ለመብዛት ብቻ የገባ አይደለም፤ ንጹሕ አልኮል ሥራውን ሳይጨርስ ይተናልና።

ታዲያ «አረቄስ?» የሚል አይጠፋም። አረቄ አይሆንም። የሚያስፈልገው ቢያንስ 60 ከመቶ አልኮል ሲሆን፣ የቤት አረቄ ዳገሙ እንኳ 45 ግድም ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሳኒታይዘርን መጠጣት መርዝ ነው። ሜታኖል የሚባለው ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢራን ከኮሮና ያድነናል ብለው ሜታኖል ያለበት መጠጥ የጠጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

ሌላው፣ ሳኒታይዘር ቅባትና አፈር ባለበት እጅ ላይ አይሠራም። ወጥ የበላ እጅ፣ መቃብር የቆፈረ እጅ ሳሙናና ውኃ ነው የሚፈልገው። ሳኒታይዘር ውኃ በሌለበት፣ እጁም ንጹሕ መስሎ ሲታይ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ብር ተቀብሎ መዝገብ ለሚገልጥ ገንዘብ ያዥ። (ወረቀት በምራቅ የሚገልጥ የቢሮ ሰው ዛሬም አለ፤ ምን ይደረግ!) ሲቀባም እስኪደርቅ 20 ወይም 30 ሰኮንድ ያህል ማሸት ነው፤ ጠብ አድርጎ ማራገፍ አይደለም።

እሳትም ይወዳል። እናቶች ወጥ በሚሠሩበት ምድጃ አጠገብና ሻማ በሚበራበት ድንኳን ውስጥ ጠርሙሱ መቀመጥ የለበትም፤ የተቀባም ሰው እጁ ሳይደርቅ እሳት አይንካ።

ስለዚህ ለለቅሶ ድንኳናችን ባለ ቧንቧ በርሜል ሁለት፣ አንዱ ለበላተኛ፣ ሌላው ከመቃብር ለሚመለሱ፣ ከነሳሙናው እንዲገዛ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሳኒታይዘሩ ለገንዘብ ያዡና ለመዝጋቢው አንድ አንድ ጠርሙስ ይበቃል። ሒሳቡን ኮሚቴው ይመልከተው።