የብትን ጨው መንገድ፦ ከአሳል ሐይቅ እስከ አንኮበር

ከአንኮበር ተራራ ጫፍ ቆሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያቀና ሰው፣ ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ከእግሩ ሥር ደረጃ በደረጃ የሚወርደውን የይፋትን ኮረብታ፣ ከዚያም ወዲያ በሙቀት ደብዝዞ እስከ አዋሽ የሚዘረጋውን የአፋርን በረሓ ያያል፤ የቀድሞዋ ሸዋ ከባሕር ጋራ የተገናኘችውም በዚሁ በረሓ በኩል ነበር። አንኮበር በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በአምኃ ኢየሱስ ዘመን፣ የገዥዎች መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስለ ዙፋኑና ስለ ዘመቻው ብዙ ተጽፏል፤ የመኳንንቱንም የድኻውንም ወጥ ስላጣፈጠው ስለ ጨው ቅፍለት ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ቸልታ ተገቢ መስሎ አይታየኝም፤ መንግሥት የሚጸናው በጦር ብቻ ሳይሆን በጭነትም ነውና።

ወደ ሸዋ የሚገባው ጨው ሁለት ዓይነት ነበረ። አንደኛው አሞሌ ነው፤ ይህ በሰሜን ከአፋር የጨው ሜዳ እየተፈለጠ በልክ የሚጠረብ፣ እንደ ገንዘብ እየተቆጠረ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ በማርትሬዛ ብርም የሚመነዘር ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ካሠሩ በኋላ እንኳ ከገበያ ቶሎ አልጠፋም። ሁለተኛው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ምዕራብ ካለው ከአሳል ሐይቅ የሚመጣው ነው። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዚህ ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ውሃውን እየመጠጠች ነጭ የጨው ቅርፊት ትጋግራለች፤ አፋሮችም ይህን ሰብረውና ሰብስበው ከዘምባባ ቅጠል በተሠሩ፣ ረዘም ጠበብ ባሉ ከረጢቶች ይሞሉታል። አሞሌ የሚቆጠር ጭነት ነው፤ የአሳል ጨው ግን የሚሰፈር ነው፤ ዛሬ የባሕር ንግድ ሰዎች «ብትን ጭነት» ከሚሉት ወገን የሚመደበውም ይኸኛው ነው።

ብትን ነገር ማጓጓዝ በየትም አገር የራሱን ጥበብ ይጠይቃል። በ1844 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በታይን ወንዝ ዳር፣ ጆን ቦውዝ የተባለችው በእንፋሎት የምትሄድ የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ወደ ውሃ ከወረደች ወዲህ፣ እህሉንና ማዕድኑን ያለ ጆንያ በሆዳቸው የሚያስገቡ መርከቦች እየበዙና እየገዘፉ ሲሄዱ፣ ሠሪዎቻቸውን ሁለት ነገር ሲያስጨንቃቸው ኖሯል። አንደኛው፣ ማዕበል መርከቢቱን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብላት እህሉ ወደዚያው ጎን ፈስሶ እንዳይገለብጣት ነው፤ ስለዚህ የጭነቱን ክፍል የላይ ማዕዘኖች በዘንበላ ግድግዳ እየቆረጡ፣ እህሉ የሚንሸራተትበትን ባዶ ስፍራ አጠበቡበት። ሁለተኛው የሚታለፈው በር ነው፤ በ1906 ዓ.ም. የተከፈተው የፓናማ ቦይ ከልኩ የሰፋውን ስለማያሳልፍ፣ አንድ ትልቅ የመርከብ ወገን ወርዱ ከ32 ሜትር ብዙ ሳይበልጥ እንዲሠራ ግድ ሆነ።

የሸዋ ሲራራ ነጋዴም፣ መርከብ በዓይኑ አይቶ ባያውቅም፣ እነዚህን ሁለት ጭንቀቶች ጠንቅቆ ያውቃቸው ነበር። ግመሉ ተንበርክኮ እያጉረመረመ ሳለ፣ አስቀድሞ ሻኛውን ከብቦ ሰሌን ይነጠፍለታል፤ በሰሌኑ ላይ፣ ክብደቱ በሻኛው ሳይሆን በጎንና ጎን እንዲያርፍ፣ እንጨቶች ተጋጥመው በገመድ ይጠፈራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ቆመው እኩል የሆኑትን ከረጢቶች ባንድ ጊዜ አንሥተው ያስራሉ። አንዱ ጎን ጥቂት ቢከብድ ጭነቱ ቀስ በቀስ ይዞራል፣ የግመሉም ጀርባ ይላጣል፤ ጀርባው የቆሰለ ግመል ደግሞ በዚያ ውሃ በሌለበት ምድር ለባለቤቱ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ከረጢቱ ጠባብና ረዥም የሆነበትም ምክንያት፣ እኔ እንደምገምተው፣ ጨው በሰፊ ከረጢት ውስጥ ወርዶ ከታች እንዳይከማች፣ በግመሉም ጎን ተለጥፎ እንዲሄድ ነው። እንዲህ ተጭኖ አንድ ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ይሸከማል። በክረምት አዋሽ ሲሞላም መንገደኞች ግንድና የተነፋ ቁርበት አጋምደው ጭነታቸውን በዚያ ላይ ያሻግሩ ነበር፤ ንግዱ በውሃ ላይ የተንሳፈፈውም በዚህች ቦታ ብቻ ነው።

የሚታለፈው በር ደግሞ የአንኮበር ገደል ነበር። ቆላ የለመደ ግመል ብርዱንና አቀበቱን ስለማይችል፣ ቅፍለቱ በይፋት ግርጌ ካለችው ከፋሬ ኬላ ሲደርስ ጭነቱን ያራግፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙ ሁሉ ለአህያ፣ ለበቅሎና ለሰው ትከሻ በሚመች መጠን እንደገና ይከፋፈላል። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ፋሬ ሲደርስ፣ ያመጣው ገጸ በረከት ወደ አንኮበር የወጣው በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ሸክም ነው። የዚህ በር ጠባቂ የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር፤ ያለ እርሱ ፈቃድ የሚገባም የሚወጣም አልነበረም። ከገደሉ ሥር ያለችው አልዩ አምባም የዓርብ ገበያዋ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሬው ከደጋው ሰው ጋራ ተገናኝቶ ጨውን በእህል፣ ጨርቅን በቡና ይለውጥባት ነበር። ወደ ባሕር የሚወርደው ግን ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ጨው በወጣበት መንገድ ሰዎች ለባርነት ተነድተው ወርደዋል፣ ይህንንም ሳይጠቅሱ የአልዩ አምባን ንግድ ማመስገን በደል ነው።

የዚህ መንገድ የመጨረሻው ታላቅ ጭነት መሣሪያ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ጭኖ በ1879 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ግድም አንኮበር ሲደርስ፣ ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ለመያዝ ዘምተው ስለነበር፣ እስከ እንጦጦ ተከትሏቸው መሄድ ግድ ሆነበት። ሐረር በእጅ ከገባች፣ አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ወዲያ ንግዱ ወደ ደቡብ ዞረ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የታጁራ ግመል ሊወዳደረው የማይችለው ተወዳዳሪ መጣበት።

አሠራሩ ግን አልጠፋም። ዛሬም ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑት ታላላቅ የብትን ጭነት መርከቦች የሚያራግፉት በጅቡቲ ወደብ፣ ማለት አሳል ሐይቅ ባለበት በዚያው አገር ነው፤ የሞረትና የጅሩ ገበሬ በየክረምቱ የሚጠብቀውም ማዳበሪያ እዚያው በ50 ኪሎ ከረጢት እየተሞላ በከባድ መኪና ይጫናል፤ የከረጢቱም ልክ የተወሰነው በመርከቢቱ ሆድ ስፋት ሳይሆን አንድ ሰው በትከሻው ሊያነሣው በሚችለው መጠን ነው።