የዕድር መዝገብና የሰው መረብ

የምንኖርበት ሰፈር ነፋስ ስልክ የተባለው ለምን እንደ ሆነ ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ አድገናል። ስሙ የወጣው ከጠላት ወረራ በፊት በዚህ በኩል በተተከለው የራዲዮ ጣቢያ ምክንያት ነው፤ ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃል ስለሚያደርስ ሕዝቡ የነፋስ ስልክ አለው። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ሌላ ሽቦ የለሽ መረብ ነው፤ ይኸውም ሰውን ከሰው ስለሚያገናኘው ነው። ይህንም መረብ ሊቃውንት በሂሳብ ይመረምሩታል።

የዚህን ምርመራ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሞሬኖ የተባለ ሐኪም ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት ከሚገኝ የልጃገረዶች ማሳደጊያ ብዙ ልጆች በአጭር ጊዜ ውስጥ እየተከታተሉ ኰበለሉ። ሞሬኖም እያንዳንዷን ልጅ ከማን ጋር መኖር እንደምትወድ ጠይቆ፣ ሰውን በነጥብ መውደድን በመሥመር አድርጎ ሣለ። የኰበለሉትም ልጆች በእነዚሁ መሥመሮች የተያያዙ መሆናቸውን አሳየ፤ መጽሐፉም በ1934 ታተመ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አርባ ተማሮች ባሉበት ክፍል ውስጥ 780 ጥንዶች አሉ። ሰፈር ሙሉ ሲሆን እጅ አይችለውም፤ ስለዚህ ኮምፒዩተር የሊቃውንቱ ዋና መሣሪያ ሆነ።

በአገራችን መረቡ ጎልቶ የሚታየው በዕድር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አገር ባልደረቦቹ ጋር በ1994 በዐሥራ አምስት የገጠር ቦታዎች የቤተ ሰቦችን ኑሮ መከታተል ጀምሮ ነበር። ከዚህም ጥናት ጋር በተያያዘ ሥራ እስቴፋን ደርኮን፣ ዮአኪም ደ ዌርት፣ ቴሳ ቦልድና አሉላ ፓንክረስት በ2006 ስለ ኢትዮጵያና ስለ ታንዛንያ የቀብር ማኅበሮች ጽፈዋል። ዕድር የተወሰነ ደንብና መዋጮ ያለው እውነተኛ ዋስትና መሆኑን፣ ብድርም እስከ መስጠት መድረሱን አስረዱ። (ይህን እናቶቻችን ያለ ኮምፒዩተር ያውቁት ነበር!)

ነገር ግን መዝገብ የሚናገረው ማን አባል እንደ ሆነ ነው፤ ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ አይናገርም። ከመካከላችን የአንዳንዶቻችን ቤተ ሰቦች ከመሐል ከተማ ተነሥተው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ስማቸው ከቀድሞው ዕድር አልተሠረዘም፤ መዋጮውንም በየወሩ ይልካሉ። ሆኖም የጥሩምባ ነፊው ድምፅ ከዚያ ሰፈር እስከ ጀሞ አይደርስም፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤትም ስሙ ገና አልታወቀም። በመዝገቡ ላይ ግን አንዳች ነገር የተለወጠ አይመስልም።

ይህን ልዩነት ለማየት ራሱን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከላይ የጠቀስነው ደ ዌርት በታንዛንያ ኒያካቶኬ በተባለች መንደር 119 ቤተ ሰቦችን አንድም ሳያስቀር፣ በችግር ጊዜ ማን እንደሚረዳቸውና እነርሱስ ማንን እንደሚረዱ ጠይቋል። ጥንዶቹ 7,021 ናቸው። ዘመድነት፣ የቤት መቀራረብ፣ ሃይማኖትና ሀብት መሥመሮቹን እንደሚወስኑ ታየ፤ የድሆቹም መረብ ከሀብታሞቹ የሳሳ ሆኖ ተገኘ። እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ነው እንግዲህ ጥቂት መሥመር ያለው! ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን ረዳቴ ነው ብሎ ሲጠራ፣ የተጠራው ግን የጠሪውን ስም አላነሣም።

እኛም በክፍላችን ልንሞክረው ተነሣን። እያንዳንዱ ተማሪ በሌሊት ኀዘን ቢደርስበት የሚጠራቸውን የሦስት ጓደኞች ስም እንዲጽፍ አደረግን፤ ወረቀቶቹንም ሰብስበን በትልቅ ካርቶን ላይ ሣልን። ሥራው አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብን፤ ስንሥልም ስንሥቅ ዋልን። ወደ ማታ ገደማ ግን አንድ ነጥብ ሦስት መሥመር አውጥቶ አንድም ሳይመጣለት ብቻውን ቆሞ አገኘነው። ወረቀቱን እንደገና አየን፤ አልተሳሳትንም። ልጁ ከጻፋቸው ስሞች ሁለቱ ሥዕሉን የሠራነው የእኛው ነበሩ።

ሰኞ ዕለት ከትምህርት በኋላ አብረነው እስከ ጀሞ ሄድን፤ እናቱም ቡና አፈሉልን። ሥዕሉን በዚህ መጽሔት ለማውጣት የነበረን አሳብ ቀርቷል።