ወተት በሊትር ብቻ ሲለካ ማን ይጎዳል?

እናቶቻችን ወተትን በውስጡ ባለው ነገር ለይተው ስም ሰጥተውታል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የቀረው አሬራ ይባላል። አሬራው በእሳት ሞቆ አይቡ ሲለይ ደግሞ የቀረው አጓት ነው። ገበያው ግን ለረጅም ዘመን ወተትን የገዛው በብዛቱ ብቻ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ገበሬዎች ወተታቸውን ለቅቤና ለአይብ ፋብሪካዎች ያስረክቡ ነበር። የሚከፈላቸው በክብደት ስለነበር ውሃ የቀላቀለውና ቅባቱን ቀድሞ ያነሳው ሰው ከታማኙ ጋር እኩል ይቀበል ነበር። የወተቱን እፍጋት የሚለካ መሣሪያ ቢኖርም ሊታለል ይችላል። ውሃ ሲጨመር እፍጋቱ ይቀንሳል፣ ቅባት ሲወጣ ግን ይጨምራል። ሁለቱንም ያደረገ ሰው ወተቱን ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል።

መፍትሔውን በ1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ስቲቨን ባብኮክ ነው። በተሰፈረ ወተት ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመር ከቅባቱ በቀር ሌላው ይሟሟል። ጠርሙሱ በፍጥነት ሲሽከረከር ቅባቱ ይለያል፤ ሙቅ ውሃ ሲጨመርበትም ምልክት ወዳለው አንገቱ ይወጣል፤ መጠኑም በዓይን ይነበባል። ባብኮክ የፈጠራ መብት አልጠየቀበትም፤ ማንም እንዲጠቀምበት ተወው። ብዙም ሳይቆይ ጌርበር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተመሳሳይ ዘዴ አወጣ።

ከዚያ ወዲህ ክፍያ በቅባት መጠን መሆን ጀመረ፤ የማጭበርበርም ጥቅም ቀነሰ። ገበሬውም የትኛዋ ላሙ የተሻለ ወተት እንደምትሰጥ ለይቶ አወቀ። ዛሬ በማሸጊያ ላይ «ሙሉ ቅባት ያለው» ወይም «ቅባቱ የወጣለት» ተብሎ የምናነበውም በዚሁ ልኬት የተለየ ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። የሐበሻ ላም ከፈረንጅ ላም ያነሰ ወተት ብትሰጥም ቅባቱ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ዋጋው በሊትር ብቻ ሲሆን የሐበሻ ላም ያላት እህት ሁለት ጊዜ ትጎዳለች፤ ወተቷም ጥቂት ነው፣ ለቅባቱም አይከፈላትም። ስለዚህ ወተት የምታስረክቡ አባላት ከመዋዋላችሁ በፊት «ክፍያው ቅባቱንም ያያል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲለካም ቆማችሁ እዩ፤ ቁጥሩንም በደብተራችሁ ጻፉ። ቅቤ ነጥራ የምታውቅ ሴት የወተቷን ዋጋ ለመጠየቅ ማፈር የለባትም።