አዳርና ቁርስ

ጅማ ወይም አጋሮ መናኸሪያ አመሻሽቶ የደረሰ መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አልጋ አለ?» ብሎ ነው። አልጋ ሲል ክፍሉን ማለቱ ነው። ስለዚህ «ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት» የሚለውን የውጭ ስም «አልጋና ቁርስ» ብለው የተረጎሙት ሰዎች ቃሉን አልሳቱትም። እኔ ግን አልተስማማሁበትም። አልጋ የሚለው ቃል በከተሞቻችን ሌላ ቤት ይዟል፤ ከቡና ቤት ጀርባ የተደረደሩትን፣ ማታ ቁልፍ ተቀብለን ገብተን ማለዳ ማንንም ሳንሰናበት የምንወጣባቸውን ክፍሎች።

ነገሩ ከዚያ የተለየ ነው። ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ጥቂት ክፍሎች ለእንግዳ ያሰናዳል፤ ማታ ይቀበላል፣ ጠዋት ቁርስ አብልቶ ይሸኛል። ምሳና ራት የሥራው አካል አይደሉም። ከፔንሲዮን የሚለየው ባለቤቱ አብሮ በመኖሩ ነው፤ ፔንሲዮን አድረን የቤቱን ጌታ ሳናይ ልንሄድ እንችላለን። ለዚህ «አዳርና ቁርስ» የሚለው ይሻለዋል። አዳር ሲባል «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይሰማኛል፤ «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው መልስም አብሮ። ጠዋት ደግሞ «እንዴት አደሩ?» የሚል ሰው ደጃፉ ላይ አለ።

ሥራው በአሮጌ ቤት ሲሆን እጅግ ያምራል። ለዚህ ሐረር ቀድማናለች። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ አንዳንድ ቤተሰቦች ጌይ ጋር በሚባለው ነባር ቤታቸው እንግዳ ያሳድራሉ። እንግዳው ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ነደባ በሚሉት ከፍ ባለው መደብ ላይ ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስፌቶች ለእሱ ተብለው የመጡ አይደሉም፤ የቤቱ ናቸው።

ጅማ ላይ ስለ አሮጌ ቤት ሲወራ ሰው ሁሉ ወደ ጅሬን፣ ወደ ዳግማዊ አባ ጅፋር የእንጨት ቤተ መንግሥት ያመለክታል። እሱ የጉብኝት ቦታ ነው፤ ማደሪያ ይሁን የሚል ሐሳብ የለኝም። እኔ የማስበው በሂርማታና በአጋሮ የቡና ገንዘብ ያቆማቸውን የነጋዴ ቤቶች ነው።

የእነዚህ ቤቶች ባላጋራ ውኃ ነው። በጅማ አካባቢ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ይዘንባል። የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ የወጣው፣ ፊት ለፊቱም በረንዳ የተተወለት ዝናቡ የጭቃ ግድግዳውን እንዳይመታው ነው። በረንዳውን ዘግቶ አንድ ክፍል መጨመር ያጓጓል፤ ያን ጊዜ ግን ቤቱ ጃንጥላውን ተቀማ ማለት ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ይብሳል። የጭቃ ምርጊት የጠጣውን እርጥበት መልሶ ያወጣል፤ ላዩ በሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ ታፍኖ ይቀራል፣ ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። የተላላጠውን በጭድ በተቦካ ጭቃ መርጎ ኖራ መቀባት ርካሽም ነው፣ ለቤቱም ይበጃል።

መታጠቢያ ቤቱን የእንጨት ወለል ላይ ከማውጣት በጓሮ በኩል ለብቻው ሠርቶ ጣሪያ ባለው መተላለፊያ ማገናኘት ይሻላል። የኤሌክትሪክ መስመሩ እንግዳ ሳይገባ በሙሉ መፈተሽ አለበት። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከፊሉ በእሳት ሲጋይ የተሰማን ሐዘን እስካሁን አልወጣልንም።

ግንቦት 1956 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ባወጡት ቻርተር፣ ቅርስን ለሕዝብ በሚጠቅም ሥራ ማዋል ጥበቃውን እንደሚያግዝ፣ ሆኖም የውስጥ አከፋፈሉንና ጌጡን መለወጥ እንደማይገባ ጽፈዋል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ቤት ከመጠገኑ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለቤቶች ይህን እንደ እንቅፋት ባያዩት ደስ ይለኛል፤ ሲሚንቶውን ገና ከመለሰኑ በፊት የሚያስቆም ሰው ሊመጣ የሚችለው በዚህ በኩል ነው።

ቁርሱ ብዙ አያስጨንቅም። ጨጨብሳ በቅቤና በማር አገሩ የሚያውቀው ነው። ቡናው እዚያው በረንዳው ላይ ይቆላል። የአዲስ አበባን አውቶቡስ የሚይዝ እንግዳ ግን ማታውኑ ይናገር፤ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ ከተነሳ የቤቱ እመቤት አትለቀውም።