ዲማርድ፦ «በሽታ ገቺ» መድኃኒት

ዲክሎፌናክም ሆነ ኢቡፕሮፌን የመገጣጠሚያ ሕመምን ጋብ ያደርጋሉ እንጂ ሕመሙን ያመጣውን በሽታ አያቆሙትም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የያዘው ሰው ማስታገሻ እየዋጠ የተሻለው ሲመስለው፣ ውስጥ ውስጡን ልም አጥንቱ እየተበላ፣ ጣቶቹም እየተጣመሙ ሊሄዱ ይችላሉ። በሽታውን ራሱን የሚይዙት መድኃኒቶች ሌላ ወገን ናቸው። ሐኪሞች በእንግሊዝኛው ምሕጻር «ዲማርድ» ይሏቸዋል፤ በአማርኛ «በሽታ ገቺ መድኃኒት» ብንላቸው ይስማማል።

ቃል በቃል ቢተረጎም «በሽታ ለዋጭ» ነበር የሚሆነው፤ ይህ ግን አንዱን በሽታ በሌላ የሚተካ ያስመስለዋል። «ፈዋሽ» ማለትም ከልክ ያለፈ ተስፋ መስጠት ነው፤ ሩማቶይድን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም። መግታት ልኩ ነው። በልጓም የተገታ ፈረስ ፈረስነቱ አይቀርም፤ እንዳሻው ግን አይጋልብም።

እኛ ዘንድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» ነው፤ ብዙ ጣጣ የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ በሽታዎቹ የተለያዩ ናቸውና። ዩሪክ አሲድ ተከማችቶ አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትን የሚያነደው ጋውት የራሱ መድኃኒት አለው። ዕድሜ ሲገፋና ክብደት ሲበዛ ጉልበትንና ዳሌን የሚያስቸግረው ኦስቲዮአርትራይተስ ደግሞ እስከ ዛሬ በሽታ ገቺ አልተገኘለትም፤ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ከየትኛውም ቅባት ይበልጡለታል። ሩማቶይድ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ሲሆን በሴቶች ላይ ይበዛል። የሁለቱም እጆች ትንንሽ አንጓዎች ያብጣሉ፤ ጠዋት ላይ እጅ ሳይፍታታ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። እንዲህ የሚሆን ሰው ወጌሻ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ይመርመር፤ ልም አጥንትና አጥንት አንዴ ከተበላ አይመለስምና።

ከበሽታ ገቺዎቹ ቀዳሚው ሜቶትሬክሴት ነው፤ ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይከተላሉ። ታካሚው ስለ መድኃኒቱ ሲጠይቅ ሜቶትሬክሴት ለካንሰር፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለወባ እንደሚሰጥ ይሰማና ይደነግጣል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሜቶትሬክሴት ለካንሰር የሚታዘዘው ግን እጅግ በሚበልጥ መጠን ነው። ሌላው ፈተና ትዕግሥት ነው፤ መድኃኒቶቹ የሚሠሩት ቀስ ብለው፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። «ምንም አልለወጠኝም» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት የሚተወው ብዙ ነው።

መድኃኒቶቹ እስኪሠሩ ያለችውን ጊዜ ለመሻገር ሐኪሙ ከኮርቲዞን ወገን የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ሊያዝዝ ይችላል። የዚህ ወገን መድኃኒት ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ለሩማቶይድ ታካሚ ኮርቲዞን ሲሰጡ ለውጡ ተአምር መሰለ፤ በ1950 ሄንች የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። ጉዳቱ ለመታየት ግን ጊዜ አልፈጀበትም። ዛሬም ፕሬድኒሶሎንን ያለ ማዘዣ እየገዙ ለዓመታት የሚውጡ አሉ፤ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና የደም ግፊት ያመጣል። ለዓመታት የወሰደውንም በአንድ ቀን ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሜቶትሬክሴት የጉበትና የደም ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል፤ ፎሊክ አሲድም አብሮት ይታዘዛል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ፈጽሞ መውሰድ የለባትም። ከሁሉ በላይ፣ ለሩማቶይድ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስህተት በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ። ቤታችሁ ውስጥ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ካለ፣ የሚውጥበትን ቀን ስም ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፉለት።