ስድስት ወር ያልሞላ ዘውድ፦ ባትሊንግ ሲኪ እና የታሪክ ምንጮች ጥያቄ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የተረሳ ቦክሰኛ ነው፤ በእርሱም በኩል የጋዜጣን ምስክርነት እንዴት መመዘን እንዳለብን ለማሳየት እሞክራለሁ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1922 በፓሪስ ዳርቻ በነበረው የቡፋሎ ስታዲየም፣ ሴኔጋላዊው ባትሊንግ ሲኪ የፈረንሳይን የስፖርት ጀግና ዦርዥ ካርፓንቲዬን በስድስተኛው ዙር ዘረረው። የመሐል ዳኛው ግን ሲኪ ተጋጣሚውን በእግሩ ጠልፏል በማለት ድሉን ለወደቀው ሰጠ። ተመልካቹ በጩኸት ተቃወመ፤ ዳኞቹም ተመካክረው ውሳኔውን ሻሩት። ሲኪ የቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ መልክ ነበር።

የዘመኑ ጋዜጦች ከጫካ የወጣ የዱር ሰው አድርገው ሣሉት። ነገር ግን ሲኪ በ1897 የተወለደው ጥንታዊ የቅኝ አገዛዝ የወደብ ከተማ በሆነችው በሴንት ሉዊ ነው። በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በአሥራዎቹ ዕድሜው የቦክስን ሙያ ጀመረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በፈረንሳይ ሠራዊት ውስጥ ተዋግቶ ስለ ጀግንነቱ ተሸለመ።

የተሳለው ምስል በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፈረንሳይ የቦክስ ፌዴሬሽን፣ በአንድ ግጥሚያ ላይ በተነሣ ጠብ ሰበብ አገደው። የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርም ለንደን ላይ ከጆ ቤኬት ጋር ሊያደርገው የነበረውን ግጥሚያ ከለከለ። የሴኔጋል እንደራሴ ብሌዝ ዲያኝ የእገዳውን ጉዳይ ለፈረንሳይ የሕዝብ ምክር ቤት እስከ ማቅረብ ደረሱ።

በሮች የተዘጉበት ሻምፒዮን በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ወደነበረችው አየርላንድ ሄደ። በብሔራዊ በዓላቸው ዕለት፣ ማርች 17 ቀን 1923፣ ደብሊን ላይ፣ ከአየርላንዳዊው ማይክ መክቲግ ጋር 20 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ዲሴምበር 15 ቀን 1925 ኒው ዮርክ ውስጥ ጎዳና ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 28 ነበር። አጽሙ ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰው በ1993 ነው።

ዛሬም ስሙ ሲነሣ የሚቀድመው በፓሪስ ጎዳናዎች የአንበሳ ደቦል እያስከተለ መዞሩ ነው። ወሬው ሐሰት አይደለም። ሆኖም የአንበሳውን ታሪክ የዘገበው ዘመን የወታደሩንም ሽልማት መዝግቦ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን መርጠው ደጋግመው የጻፉት ግን ሰዎች ናቸው። እናንተም የመዛግብት ቤት ደጃፍ ስትረግጡ፣ ምንጩ ምን ይላል ከሚለው ጥያቄ ጋር፣ የትኛው ምንጭ ለምን ደጋግሞ ተጠቀሰ ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።